የእመት ብርቄ ዐይንና የቡይት ራሱ ማሞቂያ

ብርሃንን ከጨለማ ለለየ፣ እሳትንም ለሰው ልጅ አገልጋይ አድርጎ ለሰጠ፣ ለአንዱ አምላክ ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ምስጋና ይድረሰውና፣ በዚህ ሰሞን ቡይት ራስ ላይ ያየሁትን፣ እርሱም ከልጅነቴ መንደር የቀሰቀሰብኝን ነገር ልጽፍ ተነሣሁ። በዚያው ከደባርቅ በላይ፣ ከብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ አጠገብ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ክረምቱ ወጥቶ እንግዶቹን ከመቀበሉ በፊት ቤቱን ጸበል እንድረጭለት ለምኖኝ ነበር። የወንድሜ የልጅ ልጅ ሰናይት በዚያ የማሞቂያው ባለሙያ ናትና መኪና ይዛ መጣች። እንዲህ ላለው ጉዞ ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም፤ ከእኔ ጋር ዳዊት የደገመ፣ ከእኔ ጋር ዜማ የተማረ ወዳጄ መሪጌታ ውቤ ሁልጊዜ ከጎኔ ነው። ያን ቀን ግን ስደውልለት፣ «ደኅና ነኝ፤ ብርዱን ግን አልችለውም፤ አንተው ሂድ» አለኝ። ውቤ ባለቤቱ ካረፈች ወዲህ ደባርቅ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ ልጆቹም ርቀው ሄደዋል። ነገሩ ከነከነኝ። በተማሪነቱ ውርጭ ላይ በአንድ የበግ ለምድ ሲያድር የኖረ ሰው ብርድ ፈራሁ ሲል ምን ይባላል? «ታመሃል እንዴ?» ብለው፣ «ደኅና ነኝ አልኩህ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

መኪናችን የደባርቅን ዋና መንገድ ስታቋርጥ ዐይኔ እንደ ልማዱ የጥንቱን ማዕዘን ፈለገ። ዛሬ የስልክ መሸጫዎችና ባለ መስታወት ሆቴል በቆሙበት ስፍራ፣ በእኛ ዘመን ሊማሊሞን ለመውረድ የተዘጋጁ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ያርፉ ነበር። ሾፌሮቹ የካኪ ኮታቸውን ደርበው፣ ፍሬናቸውን ፈትሸው፣ ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ያገኙትን ካህን መስቀል ሳይሳለሙ አይነሡም። ከማዕዘኑ ላይ ሐጂ እያልን የምንጠራቸው ደግ ነጋዴ ሱቅ ነበረ፤ አቡጀዲው ከጣሪያ እስከ ወለል ተደርድሮ፣ የላምባው በርሜል ከበሩ ሥር ተተክሎ። ሥሙኒ ይዞ የሄደ ሰው ላምባና ጨው ገዝቶ፣ ለእናቱም መርፌ ጨምሮ ይመለሳል፤ ሐጂም «ለመምህርህ ሰላም በልልኝ» ብለው ጠርሙሱን አፉ ድረስ ይሞሉለታል። ማዶ ካለው ጠጅ ቤት የማሲንቆ ድምፅ ይመጣል፤ እኛ ተማሪዎች ጆሮአችንን የሸፈንን መስለን በጣቶቻችን መካከል እንሰማው ነበር። ውቤ ግን ጆሮውን ሸፍኖ አያውቅም። «ዜማ ነው፤ ቤቱን ስቶ ነው እንጂ» ይል ነበር።

ማረፊያው እንደ ደረስን ከክፍል ወደ ክፍል እየዞርሁ ጸበሉን ረጨሁ። በመጨረሻ ከግቢው ጀርባ ወዳለ አንድ ጨለማ ቤት ገባሁ፤ ሰናይት መብራት ልታበራ ከኋላዬ ትመጣ ነበርና ሳልጠብቃት ጧፌን ለኮስሁ። ጸሎቱን እንኳ አልጀመርኩም፤ ከግድግዳው ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ብላ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። የማድ ቤቷ ወጥ ሠሪ ማማሰያዋን እንደ ያዘች ግቢውን አቋርጣ ሮጠች።

«አባባ! ጧፉን! ጧፉን ያጥፉልኝ!» አለች ሰናይት።

«ምን ሆነሻል? የጸሎት ጧፍ እኮ ነው።»

«የናፍጣ ቤት ነው እኮ የገቡት! በርሜሎቹን አያዩአቸውም?»

«በጨለማ እንዴት ልያቸው? ስለዚህም ነው የለኮስኩት።»

ጧፍ እፍ አይባልምና በጣቶቼ ጨምድጄ አጠፋሁት። ጩኸቱም ቆመ። ወጥ ሠሪዋ ከሩቅ ሆና፣ «ይኸ ማሽን ሰይጣን አለበት መሰለኝ፤ ከጧፍ ይሸሻል» አለች፤ ሰናይትም እየሳቀች ከጣሪያው ሥር የተሰካችውን፣ ከቡና ስኒ የማትበልጥ ባለ ጥቁር መስታወት ዕቃ አሳየችኝ። ነበልባል የምትመለከት ዐይን ናት። ጢሱ እስኪደርሳት፣ ቤቱም እስኪግል አትጠብቅም፤ እሳት ገና ብልጭ ሲል ሙቀቱ እንደ ብርሃን ሆኖ ይታያታል። «ኢንፍራሬድ ይባላል፤ ከቀይ ቀለም በታች ያለ፣ የእኛ ዐይን የማያየው ብርሃን ነው» አለችኝ። እኔም ሐፍረቴን ለመሸፈን፣ «እንግዲያስ ጸሎታችንን ከሁሉ አስቀድማ ያየች እርስዋ ናት» አልኋት።

ከዚያ አጠገብ ማሞቂያው ያለበት ክፍል ነው። ናፍጣ የሚያነድድ፣ ውኃ አሙቆ በቧንቧ ወደ እንግዶቹ ክፍሎች የሚልክ ትልቅ ብረት ነው። ሽታው የጥንቶቹን የጭነት መኪናዎች አስታወሰኝና ጥቂት ልቆምበት ወደድሁ። ሰናይት አስነሣችው፤ በትንሿ መስኮቱ እሳቱ ቦግ ሲል አየሁ፤ ነገር ግን ሳይቆይ ራሱ ድርግም አለ። ዳግመኛ አስነሣችው፤ ዳግመኛ ጠፋ። እርስዋም አልተደናገጠችም። ካቻቢቴዋን አውጥታ ከጎኑ ጣት የምታህል ነገር ነቀለችና ጫፏን በጨርቅ ጠረገች፤ ጨርቁ በጥላሸት ጠቆረ።

«ይኼኛዋም ዐይን ናት፣ አባባ። የናፍጣ ቤቷ እሳት ስታይ ትጮኻለች፤ ይቺ ደግሞ እሳት ስታጣ ናፍጣውን ትዘጋለች።»

«እሳቱስ ይነድ አልነበረም? በዐይኔ አይቼዋለሁ።»

«ይነዳል። ጥላሸት ሸፍኗት ነው እንጂ። ያላየችውን እሳት የለም ነው የምትል።»

«ባትዘጋውስ?»

«እሳቱ የምር ጠፍቶ ናፍጣው ዝም ብሎ ቢፈስ፣ ኋላ ሲለኮስ ይኼ ቤት አይተርፍም።»

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኋት። የምድጃው ውስጥ ጡብ ግሎ ይቀላል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሙቀቱ ይቆያል። ይህች ዐይን የምታየው ሙቀትን ከሆነ፣ የጋለውን ጡብ እሳት ነው ብላ እንዴት አትስትም? ሰናይት ጥያቄዬ ደስ ያሰኛት መሰለኝ፤ ዐይኗን ወደ ቦታዋ እየመለሰች፣ «ሕያው እሳት ይርገበገባል፣ አባባ። አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። የጋለ ጡብ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ አይንቀሳቀስም። የምትለየው በመርገብገቡ ነው» አለችኝ። ማሞቂያውንም አስነሣችው፤ በዚህ ጊዜ እሳቱ ጸንቶ ነደደ።

መምህራችን ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩን እሳትን ምሳሌ ያደርጉልን ነበር፤ አካሉ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ ሦስት ስም እንጂ ሦስት እሳት አይደለም ይሉናል። እኔ ግን ሙቀቱን ለቆዳ፣ ብርሃኑን ለዐይን ከፍዬ ይህን ያህል ዘመን ኖሬአለሁ። ሙቀትን የሚያይ ዐይን አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ሰናይት ስለ ቀጥ ማለትና ስለ መርገብገብ ስትነግረኝ ግን ልቤ የሄደው ወደ መጽሐፍ አልነበረም፤ እንዲህ ያለች ዐይን ቀድሞ አይቼ አውቅ ነበርና ከአርባ ቤት በማትበልጥ መንደር ውስጥ ወደ ነበረች አንዲት ባልቴት ሄደ።

መንደራችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲመጡ ከመንገዱ ገባ ብላ በተረተር ላይ የተቀመጠች ነበረች። ዛሬ ቆርቆሮው ከሩቅ ያብለጨልጫል፤ ያኔ ቤቱ ሁሉ የጓሳ ሣር ክዳን ነበር። ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር የለም፤ ጭሱ በክዳኑ ውስጥ ተጣርቶ ይወጣል፤ ማለዳ ላይ ጣሪያዎቹ እንደ ታረሰ መሬት ይተነፍሳሉ። ከሁሉ በላይ ያለው ቤት የእመት ብርቄ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልነበራቸው፣ ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም ሴት ነበሩ። በበጋ ነፋሱ ከተራራው ሲወርድ የእርሳቸው ሥራ እሳት ፍለጋ ነው፤ ከአንዱ ቤት የተነሣ ብልጭታ የሌላውን ክዳን ሳይነካ «እሳት!» ብለው መንደሩን ያስነሡታል። በክረምት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የማለዳ ጸሎታቸውን እንደ ጨረሱ በደጃቸው ቆመው ጣሪያዎቹን አንድ በአንድ ይመለከታሉ፤ አሁን የሚፈልጉት ያልጨሰውን ቤት ነው። ያልጨሰ ቤት ወይ የታመመ አለበት፣ ወይ የሞተ፣ ወይ የሚበላ የለም። መንደሩም ይህን ያውቃል። ነገር ግን «ምን ሆናችሁ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። እመት ብርቄ ፍም በገል ላይ ያኖራሉ፤ አመድ ያለብሱታል፤ ወደዚያ ቤት ወርደው፣ «እሳታችሁ ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ ነው» ይላሉ። እሳት መጫር ነውር የለበትምና የተቸገረውም ሰው አንገቱን ሳይደፋ በሩን ይከፍታል።

እኔና ውቤ በዚያ ዘመን ተማሪዎች ነበርን። የመምህራችን ጎጆ ለእነ ውቤ ቤት ቅርብ በመሆኑ ያን ክረምት ከእነርሱ ዘንድ አድር ነበር። የውቤ እናት እትዬ የሻረግ በጊዜዋ የተከበረች፣ ባሏ ከሞተ በኋላም ቀሚሷን ሳታጥብ ከደጅ የማትወጣ ኩሩ ሴት ነበረች። ሐምሌ ገብቶ ጎተራው ሲራቆት ለማንም አልተናገረችም። ማለዳ ማለዳ ኩበቱን በምድጃው ላይ ትደረድርና ትለኩሳለች፤ ድስት ግን አትጥድም፤ የሚጣድ የለማ። «ጭሱ ይውጣ፤ ሰው ምን ይላል?» ትለን ነበር። እኛም ጭብጥ ቆሎ በኪሳችን ይዘን ወደ ትምህርታችን እንሄዳለን። ውቤ ገና ጢሙ ያላቆጠቆጠ ሳለ ከእናቱ አንድ ነገር ተምሮ ነበር፤ እንዴት አደርክ ለሚለው ሁሉ «ደኅና ነኝ» ማለትን።

አንድ ማለዳ እመት ብርቄ ገላቸውን ይዘው ከደጃችን ቆሙ።

«ቤቶች! እንዴት አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነን፣ እመት። ይግቡ» አለች እትዬ የሻረግ።

«እሳትሽ ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ኧረ እሳቴስ ይነዳል! ጭሱን አላዩትም?»

«አየሁት እንጂ። አይቼው ነው የመጣሁ።»

እመት ብርቄ ገብተው ከምድጃው ዳር ቁጭ አሉና ፍማቸውን ከሚጤሰው ኩበት ጎን አኖሩ። «ይኸ እሳት ብቻውን ሰንብቶ ተናዷል፤ ጓደኛ አመጣሁለት» እያሉ ከነጠላቸው ሥር የገብስ ዱቄት የቋጠረ ጨርቅ አወጡ። ለማንም ሳይሰጡ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡትና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ላም፣ ስለ እኛ ድምፅ መጎርነን ብዙ አወሩ። «እነዚህ ልጆች ሲያዜሙ ጅብ ከጉድጓዱ ይወጣል» አሉ። እትዬ የሻረግ ሳቀች። እየሳቀች ሳለ እንባዋ ወረደ፤ ጭሱ ነው ብላ ጠረገችው። ውቤ ተነሥቶ ድስቱን አመጣ።

በኋላ እመት ብርቄን እስከ ደጃቸው ስሸኝ፣ ጭስ እየወጣ እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። ቆም ብለው መንደሩን ከላይ ወደ ታች አሳዩኝ። «ድስት የተጣደበት እሳት ሰው ይነካካዋል፣ ልጄ። ይቆሰቆሳል፤ እፍ ይባላል፤ አንዴ ይጎላል፣ አንዴ ይደክማል። ጭሱም እንደዚያው ይንገዳገዳል። የእናንተ ጭስ ግን እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ሰነበተ። ቀጥ ያለ ጭስ የተራበ ቤት ጭስ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ይህን ቃል ይዤ ነበር በማሞቂያው ቤት የቆምሁት። ሰናይት ዕቃዋን ስትሰበስብ የውቤ ድምፅ በጆሮዬ መጣ። ውቤ ሲደውልልኝ የኖረ ጠብ ይዞ ነበር። ያለፈው እሑድ ዜማውን አበላሸህብኝ ይላል፤ የጃናሞራ ገብስ ከደባርቅ ገብስ ይበልጣል ይላል፤ ጉልበቱን ይረግማል፤ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ ይከስሳል። ባለቤቱን ከቀበርን ወዲህ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተጣላኝም። «ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ?» ብቻ፤ ዛሬም ነገም በአንድ ድምፅ፤ ከፍም ዝቅም ሳይል። እኔም በየቀኑ ይህን ሰምቼ ወዳጄ ጸንቶልኛል እል ነበር። ዛሬ በደባርቅ በየጣሪያው ቆርቆሮ፣ በየማድ ቤቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ የማን ቤት እንደ ጨሰ፣ የማን ቤት እንዳልጨሰ ከደጅ ቆሞ የሚለይ የለም። የቀረን ድምፅ ብቻ ነው። የውቤ ድምፅም እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ሰንብቶ ነበር።

«ሰናይት፣ ማድ ቤት ፍም አይጠፋምና ጥቂት አምጪልኝ» አልኋት።

«ለምን ነው፣ አባባ? ቀዘቀዘዎት?»

«ለሰው ላደርሰው ነው። ደባርቅ።»

«በመኪና?» ዐይኗ ፈጠጠ። «እኔ እኮ እሳት የሚጠብቅ ዕቃ ጠባቂ ነኝ! እሳት በመኪና ጫነች ብለው ሲስቁብኝ እንዴት አድርጌ ሰው ፊት እቆማለሁ?»

«እኔንም ያሳደጉኝ እሳት ጠባቂ ናቸው። አታስቢ።»

ታሪኩን ባጭሩ ነገርኋት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም። ከወጥ ሠሪዋ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ለምና፣ አመድ ከሥር፣ ፍም ከመካከል፣ አመድ ከላይ አድርጋ አምጥታ በእግሬ መካከል አስቀመጠችው። የመኪናውንም መስኮት ሁሉ ከፈተችው፤ «የፍም ትንፋሽ ይገድላል» ብላ። ከቡይት ራስ እስከ ደባርቅ የወረድነው እግሬ እየሞቀ፣ ጆሮዬ እየቆረፈደ ነው።

ከውቤ ቤት ስንደርስ ገና ፀሐይ ነበረ። በሩን ቆይቶ ከፈተው። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፤ ፊቱ ከስቷል። ከኋላው የኤሌክትሪክ ምድጃው ተገልብጦ ይታያል፤ ሽቦው ተበጥሶ ከተንጠለጠለ የቆየ ይመስላል። በጠረጴዛው ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ በሶ በኩባያ፣ ከጎኑም የባለቤቱ ነጠላ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ምነው በደኅና?» አለኝ።

«በደኅና ነው። አንተስ?»

«ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቆርቆሮውን ዘረጋሁለት። «እሳትህ ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ ነው» አልሁት።

ውቤ ቆርቆሮውን አየ። ክዳኑን በጋቢው ጫፍ ይዞ ገልጦ አመዱን በጣቱ ጫረው፤ ፍሙ ከሥር ቀላ። ቀጥ ብሎ የሰነበተው ድምፁ ተሰበረ።

«እመት ብርቄ ሞተዋል ያለኝ ማን ነው?» አለ።

ከበሩ ደፍ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ሰናይት ካቻቢቴዋን ይዛ በጎናችን አልፋ ወደ ተበላሸው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሄደች። ከሰልና የከሰል ምድጃ አግኝተን ፍሙን አያያዝነው፤ ሽሮም ጣድን። ውቤ ገና አንድ ጉርሻ እንደ ጎረሰ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጨው የለውም። ይህን ሁሉ ዘመን ቀድሰህ ሽሮ አታውቅም?» አለ። ያን ጊዜ ልቤ ዐረፈ፤ እሳቱ ተርገብግቧልና።

ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ሕግ አለ። በየማለዳው ይደውልልኛል፤ «ደኅና ነኝ» ማለት ግን ክልክል ነው። ጠብ ይዞ መምጣት አለበት። ዛሬ ማለዳ የጎረቤቱ አውራ ዶሮ ከእኔ የተሻለ ያዜማል ብሎኛል። ነገ ደግሞ የባሰ ያመጣል፤ እኔም መልሴን አዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ።

ይህን ያነበብህ፣ ያነበብሽም ወገኔ፣ የቤትህ ምድጃ ባዶውን አይጭስ። ጎረቤትህን የምታይበት ዐይንህን ጥላሸት አይሸፍነው። በችግርህ ቀን አንገትህን ሳያስደፋ ደጅህን የሚመታ፣ ፍሙን በአመድ አልብሶ የሚያደርስልህ ሰው እግዚአብሔር አያሳጣህ። ቤተሰብህን ከሚያቃጥል እሳት ይሰውርልህ፤ የሚያሞቀውን እሳት ግን ከቤትህ አያጥፋብህ፤ አሜን።